ቀጋ ብለው አወጡልኝ

እልልታ መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሰማሁት በራሴ ድግስ፣ በራሴ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ካለችው ከገሳይ ከተማ ተነሥቶ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ በሚያስኬድ መንደር፣ የባለቤቴ እናት ግቢ ውስጥ በተጣለ ዳስ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ደብረ ታቦር የመጣሁት ባዮሎጂ ላስተምር ተመድቤ ሲሆን፣ ባለቤቴ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ሠርጉን ሐዋሳ አድርገን ቅልቅሉን እናቱ ቤት ልናደርግ ስንመጣ፣ መኪና ውስጥ ብዙ ነገር አስጠነቀቀኝ። ሙሽራ በዚያ ቀን ቃል አትተነፍስም አለኝ። ጉልበት ትስሚያለሽ አለኝ። ለትልቅ ሰው «አንቱ» ማለት እንዳትረሺ፣ ብርዱን እንዳትንቂው፣ አክስቴን እንዳትቀየሚያት አለኝ። የስሙን ነገር ግን ያነሣው ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ነው። በእነሱ አገር ምራት ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር ስሟ እሱ ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን የሚያነሣው የለም።

«የአበባ ስም ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። «እማዬ አበባ ትወዳለች።»

ይህችን ባይጨምር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር። እኔ ደግሞ የተስፋ ሰው ነኝ። የቀረችውን መንገድ ሙሉ ስም ስመርጥ ሄድኩ። ጽጌ አልኩ፤ አጠረብኝ። ሶስና አልኩ፤ ትንሽ የቤተ ክህነት ሰው መሰልኩ። በመጨረሻ ጽጌረዳ ላይ ረጋሁ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለቱ ምራቶች አንዷ በወርቅ፣ አንዷ በማር ነው የተሰየሙት። አማቴ ራሳቸው በአገሩ ሁሉ የሚታወቁት «አደይ» ተብለው ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገብቼ ለእኔ ጽጌረዳ የማትደርስበት ምክንያት አልታየኝም።

አማቴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ፊቴን የሸፈነውን ነጠላ ገለጥ አደረጉና፣ በግ ገዢ ሰው በጉን እንደሚያየው ረጋ ብለው አዩኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ቀጋ ነው» አሉ።

ሴቶቹ ልማድ ሆኖባቸው እልልታውን ስሙ ሳይጠራ ነበር የጀመሩት። ቀጋ የምትለዋ ጆሯቸው ስትደርስ አንድ በአንድ እያቆሙ ሄዱ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ጆሯቸው የከበደ አንዲት ባልቴት ብቻ ነበሩ። እሳቸው ምንም ሳይጎድል እስከ መጨረሻው እልል አሉልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

እኔም ዝም አላልኩም። የሚታረም ነገር ሳይ ዝም ማለት ይቸግረኛል፤ አስተማሪነት ያመጣብኝ ነው። ቀና ብዬ «ጽጌረዳ ማለትዎ ነው እማማ?» አልኩ። ሚዜው ሳል ያዘው። ባለቤቴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጽጌረዳ አላልኩም» አሉ አማቴ። «ቀጋ።» ወዲያው ዞር ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቀጋን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። የደጋ ቁጥቋጦ ነው። በእርሻ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገደል አፋፍ ላይ ይበቅላል። አበባው ነጭ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል። ፍሬው ሲቀላ ይበላል፤ ውስጡ ያለው ጠጉር ግን ጉሮሮ ያሳክካል። እሾሁ ቆልማማ ስለሆነ ልብስ ከያዘ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ካላላቀቁት አይለቅም። በትምህርቱ በኩል ከሄድን የጽጌረዳ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ያልኩት ስሕተት አልነበረም። ሠርግ ላይ ግን ትክክለኛውን መልስ የሚጠይቅ ሰው እንደሌለ ያን ቀን ተማርኩ።

እኔን የቆጠቆጠኝ እሾሁ አይደለም። አማቴ ልጃቸው ከሐዋሳ ሊያገባ ነው ሲባሉ «ከዚህ ሴት ጠፍታ ነው?» ብለው እንደነበር ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ሊደብቀኝ ቢሞክርም ከወንድሞቹ ሚስቶች አንዷ በቅንነት ነግራኛለች። ስለዚህ ስሙ ለእኔ ስም አልነበረም፤ ፍርድ ነበር። እኚህ ሴት ወደውኛል ወይስ ልብስ ላይ እንደተጣበቀ ነገር ቆጥረውኛል? ለሁለት ዓመት ያህል የኖርኩት ይህንን ስጠይቅ ነው። እናቴን በልጅነቴ ስላጣሁ አማት ማለት ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እንዲወዱኝ ነበር የምፈልገው። አጥብቄ ነበር የምፈልገው።

ምርመራውን ከባለቤቴ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን ፍሬው ይበላል አለኝ። ሁለተኛ ቀን አበባው ነጭ ነው አለኝ። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ፣ ቀጋ ቫይታሚን ሲ እንዳለው ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ያገኘው ከእኔው የትምህርት ማስታወሻ ነው፤ ገጹንም አጥፎት ነበር።

ከዚያ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ በምስጢር ነገርኳት። በሻይ ሰዓት የመምህራን ክፍሉ በሙሉ በጉዳዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የአማርኛው መምህር በመከራ መካከል ያለ ውበት ማለት ነው ብለው ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። የስፖርቱ መምህር ነገሩ ግልጽ ነው፣ ተዋጊ ነሽ ነው ያሉሽ አለ። የጂኦግራፊው ደግሞ ቀጋ የሚበቅልበትን ከፍታ በሜትር ነገረኝ። ከሁሉ ያናደዱኝ የጉና ግርጌ ሰው የሆኑት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ልቤን ከፍቼ ብጠይቃቸው «ቀጋማ አጥር ነው» ብለውኝ ወደ ቆሏቸው ተመለሱ። አላዘኑልኝም፤ እንኳን ደስ ያለሽም አላሉኝም።

ስሙ መንደር ውስጥ ቢቀር መልካም ነበር። ግን በገበያ ቀን የመንደሩ ሰው ደብረ ታቦር ይወጣል። አንድ ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ አህያ የሚነዱ አንዲት ሴት ከመንገዱ ማዶ «ቀጋ! ቀጋዬ! እንዴት ከረምሽ?» ብለው በፍቅር ተጣሩ። በማግሥቱ ወደ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ አንድ ቅርንጫፍ ተስሎ ጠበቀኝ። እሾሁ ቁልቁል መቆልመም ሲገባው ሽቅብ ነበር የተቆለመመው። አርሜው ትምህርት ጀመርኩ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በዘዴ ልይዘው ወሰንኩ። ስም መቀየር አይቻልም፤ ማሻሻል ግን ሊቻል ይችላል ብዬ ከችግኝ ጣቢያ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ አመጣሁ። በሚኒባስ እስከ ገሳይ ጭኔ ላይ ይዣት ሄድኩ። ረዳቱ ከድንቹ ጆንያ ጋር ጣሪያ ላይ ልጫናት ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ባለቤቴ ተሸከመልኝ። ግቢው ስንደርስ ግን መልሶ አስታቀፈኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ። እንደ ባል አብሮኝ መጣ፤ እንደ ልጅ ዝም አለ።

«እማማ፣ ይቺ የቀጋ እህት ናት» አልኩ። «ጽጌረዳ ትባላለች።»

አማቴ ተቀብለው ዞር ዞር አድርገው አዩዋት። ፍሬ ታፈራ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይህችኛዋ አታፈራም አልኩ። በክረምት ድርቆሽ ሲያልቅ ከብት ይቀምሳት እንደሆነ ጠየቁኝ። እንጃ አልኩ። እሾህስ? አላት፤ ግን ትንሽ ነው ብዬ ለመንኩላት።

«እንግዲያ ቀጋ ምን ጎደለው?» አሉ።

ቢሆንም ተከሉልኝ። በወሩ ስንመለስ የቤቱ በግ በልታታለች፤ አንድ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። በሚቀጥለው ስንመጣ ግን ጉቶው አቆጥቁጦ፣ ዙሪያውን በተቆረጠ የቀጋ ቅርንጫፍ ታጥሮ አገኘሁት። ጽጌረዳዬ እዚያ ውስጥ ሆና አንድ አበባ አወጣች። ደስታዬን መሸከም አቅቶኝ አማቴን በእጃቸው ይዤ ወስጄ አሳየኋቸው።

«አማረች አይደል?» አልኩ።

«አምራለች» አሉ። «አጥሩንስ አየሽው?»

የቀለዱብኝ መሰለኝ። ማታ ለባለቤቴ እናትህ ተረበችኝ አልኩት። እማዬ መተረብ አታውቅም አለኝ። አላመንኩትም። የሒሳብ ሰው ነው፤ ሰው ማንበብ ላይ ደካማ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው።

ወደ አክስቱ ልምጣ። የባለቤቴ አባት ታላቅ እህት ናቸው። አባትየው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ የቤቱን ሥልጣን ግን ለሚስትየው ሳይሆን ለእኚህ እህት የተዉት ይመስል ነበር። እሳቸው ሳይቀመጡ የሚቀመጥ የለም። እሳቸው ጠላውን ቀምሰው ካላሳለፉት ለእንግዳ አይቀዳም። እኔን ወላጆቼ ባወጡልኝም፣ አማቴ ባወጡልኝም ስም ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የሐዋሳዋ» ነው የሚሉኝ። አማቴ እሳቸው ፊት ሲቆሙ ሁልጊዜ እጃቸው ሥራ ይዞ ነው። ያለ ሥራ ቆመው አላየኋቸውም።

የጽዋ ማኅበሩ ተራ አማቴ ቤት በደረሰበት ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ ቄሱ ባርከዋል፤ እኔ ትንሿ ምራት ስለሆንኩ ከጋኑ እየጠለቅሁ ጠላ እቀዳለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጠላ መቅዳት በሚገባ ተምሬአለሁ፤ ዋንጫውን እስከ ገደፉ እሞላ ነበር። አክስትየው ዋንጫቸውን ሳያስቀምጡ፣ ትምህርት ቤት ክረምት ይዘጋል አይደል ብለው ጠየቁኝ። ይዘጋል አልኩ። እንግዲያማ ጥሩ ነው አሉ። ሴት ልጆቻቸው ሁሉ ተድረው ሄደዋል፤ ጉልበታቸው አይታዘዝም፤ ገብሱ የሚያርመው ይፈልጋል፤ ከብቱ የሚጠርግለት ይፈልጋል። ምራት የጋራ ናት። ስለዚህ የሐዋሳዋ ከዚህ ክረምት ጀምራ እሳቸው ቤት ትክረም። ጥያቄ አልነበረም፤ ለቤቱ ማሳወቃቸው ነው።

ወንዶቹ አፋቸው ሙሉ ስለነበር ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አጸደቁ። ባለቤቴን አየሁት። ዋንጫው ውስጥ አንድ ነገር እንደወደቀበት ሰው አቀርቅሮ ይመረምራል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እሺ ልል ነበር። የገብስ አረምን ከገብስ መለየት የምችለው መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ክረምቱን ለራሴ ትምህርት ልጠቀምበት አስቤ ነበር። ግን እሺ ካልኩ አማቴ የሚኮሩብኝ መሰለኝ። ከዳሱ ቀን ጀምሮ የተሸከምኩት ስም የሚነሣልኝ መሰለኝ። አፌን ከፍቼ ነበር።

«አትመጣም።»

የጓዳው በር ላይ አማቴ ቆመዋል። እጃቸው ላይ ማማሰያ አለ።

አክስትየው ወደ እሳቸው እንኳ አልዞሩም። «ምን አልሽ አደይ?» አሉ።

«አትመጣም ነው ያልኩት። ቀጋ ብዬ ያወጣሁላት ለዚህ ነው።»

አማቴ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። አንቱታውንም አልተዉም፤ እንዲያውም የዚያን ቀን «አንቱ» ከወትሮው ይበልጥ የጠበቀ መሰለኝ።

«አንቱና እናትዎ አደይ ብላችሁ አወጣችሁልኝ» አሉ። «ልጅ ነበርኩ፤ ስሙ አምሮኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አደይን ሰው ምን ያደርገዋል? ይነቅለዋል። ቤቱ ይጎዘጉዘዋል። ሲረግጠው ይውልና በማግሥቱ ጠርጎ ይጥለዋል። ስንት ክረምት ገብስዎን አረምኩ፤ አንድ ቀን እረፊ ያለኝ ሰው አለ? ይህችን ልጅ ባየኋት ጊዜ ለሁሉም እሺ የምትል መሆኗ ፊቷ ላይ ታየኝ። ቀጋን ማን ይጎዘጉዛል? እኔም ብሆን እንዳልረግጣት ብዬ ነው።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ዝናብና ስለ እህል የሆነ ምርቃት ጀመሩ፤ ሁላችንም ከሚገባው በላይ ጮክ ብለን አሜን አልን። አክስትየው ዋንጫቸውን ወደ እኔ ዘረጉና ጠላው ቀጥኗል አሉ። ቀዳሁላቸው። ዓይኔ አማቴ ላይ ስለነበር ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ሄደ፤ እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ተዉት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሐዋሳዋ ብለውኝ አያውቁም። ቀጋ ይሉኛል፤ ትንሽ ራቅ ብለው።

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰጠኝን ነገር እንደ ስድብ ተሸክሜ፣ ለመላው የመምህራን ክፍል አስተርጉሜ፣ በጽጌረዳ ልለውጠው ዳገት ወጥቼ ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ብቅ ብሎ እማዬ መተረብ አታውቅም አላልኩሽም አለኝ። ያን ጊዜ ባይናገር ይሻለው ነበር።

እንግዳው ሲበተን ከአማቴ ጋር ዕቃ ስናጥብ ቀረን። አደይ እናታቸው ያወጡላቸው ስም እየመሰለኝ ነበር የኖርኩት። የሙሽራ ስም ከሆነ ግን ከሥሩ ሌላ አለ ማለት ነው። እናትዎ ያወጡልዎትስ ማን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዋንጫውን ማጠባቸውን አላቋረጡም። የክርስትና ስማቸውን ቄሱ ያውቁታል አሉ፤ ለጸሎት ይጠሩታል። ይህኛውን ግን ከእናታቸው ቤት ከወጡ ወዲህ የጠራው የለም። ልጆቻቸው አያውቁትም፤ ባላቸውም አደይ እንዳሉ ነው ያረፉት። የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ሞተዋል። ሌላ ዋንጫ አነሡና ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። የአበባ ስም እንዳልሆነ ግን መናገር እችላለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። ባለቤቴ ፈተና ያርማል። ግቢው ውስጥ ሰው የለም፤ አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ድንች ይኮተኩታሉ። ምራት አማቷን በስም መጥራት በዚያ አገር ነውር ነው፤ አውቃለሁ። እማማ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ያንን ስም ጠራሁት፤ ጮክ ብዬ፣ እናት ልጇን ከደጅ እንደምትጠራው።

«አቤት» አሉ።

ድምፁ የእሳቸው አይመስልም፤ ቀጠን ያለ፣ የፈጠነ ነበር። መኮትኮቻውን ጥለው ቀና አሉ፤ ዓይናቸው እኔን አልፎ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ፈለገ። ያ መንገድ ወደ እናታቸው አገር የሚወስደው ነው። የሚያዩት ሰው ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ። በእጃቸው ዝም አሰኙኝና መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ያለ ሥራ ሲቀመጡ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

«እስቲ እንደገና ጥሪኝ» አሉ።